ልጄ የጉልበት ሕመሙን ለሦስት ወር ደብቆ ተጫወተ፤ በታዳጊ ተወዳዳሪዎች ጉዳት ላይ ምክራችሁን እሻለሁ

አዌቱ ማዶ | ሐምሌ 4፣ ምሽት 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ፣ ከሄርማታ አካባቢ ነው። የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። በሰፈራችን የታዳጊዎች ፕሮጀክት ውስጥ በመስመር ተጫዋችነት ይጫወታል፣ በትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥም አለ፣ አሁን ደግሞ ለክረምቱ የቀበሌዎች ውድድር ተመርጧል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሣ ልጄ በትከሻዬ ላይ ሆኖ ደስታውን ያየ ሕፃን ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳስ ተጫዋች እሆናለሁ ከማለት ሌላ ምኞት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ከቤታችን መግቢያ ያሉትን አምስት ደረጃዎች እንደ ወትሮው እየዘለለ ሳይሆን ጎኑን አዙሮ፣ ግድግዳውን እየደገፈ ሲወርድ አየሁት። ምን ሆነህ ነው ብለው «ምንም» አለኝ። በማግስቱ እናቱ አንሶላ ልትቀይር ፍራሹን ስታነሣ ከሥሩ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንክብል ሁለት እሽግ አገኘች፤ አንደኛው ባዶ ነበር፣ በሁለተኛው ውስጥ የቀሩት አራት ፍሬዎች ብቻ ነበሩ። ቁጭ አድርገን ስንጠይቀው ሱሪውን ሰብስቦ አሳየን። ከጉልበቱ ሎሚ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ በቅልጥሙ ራስ ላይ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠንካራ እብጠት አለ። በአውራ ጣቴ ገና ነካ ሳደርገው እግሩን ነጥቆ ሰበሰበው።

ሕመሙ የጀመረው ከፋሲካ በፊት ነው። ለምን እንዳልነገረን ስጠይቀው የመለሰልኝን ቃል በቃል ልጻፍላችሁ፦ «አባዬ፣ ለአሠልጣኙ ከተናገርኩ ሌላ ልጅ ይገባል። አንዴ ከወጣሁ ደግሞ መመለስ የለም።»

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ይህ እብጠት ምን ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሐኪም ነው ወይስ ወደ ወጌሻ ልውሰደው፣ እስከ ነሐሴው ውድድር ቢጫወት ምን ይጎዳዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው ከበደኝ። አንድ ልጅ ሕመሙን ከአባቱና ከእናቱ የሚደብቅበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ጥፋቱ የማን ነው፤ እኛስ ምን ብናደርግ ይነግረን ነበር?

ፊዚዮቴራፒስት ከጅማ | ሐምሌ 4፣ ምሽት 3፡40

ወንድሜ፣ ሳላየው ይህ ነው ብዬ ልወስን አልችልም፤ የጻፉት ግን በዚህ ዕድሜ ባሉ ተጫዋቾች ላይ በጣም አዘውትረን የምናየውን ችግር ይመስላል። ስሙ ኦስጉድ ሽላተር ይባላል። ከመጠን በላይ በሆነ እንቅስቃሴ ምክንያት የሚመጣ የእድገት ዘመን ሕመም ነው። የፊት ጭን ጡንቻ በጉልበት ሎሚ በኩል አልፎ የሚያያዘው እርስዎ በነኩት በዚያው ቦታ ላይ ነው፤ በታዳጊ ላይ ያ ቦታ ገና ያልጠና፣ አጥንት የሚያድግበት ለጋ ክፍል ነው። ልጁ በሮጠ፣ በዘለለና ኳስ በመታ ቁጥር ጅማቱ ያንን ለጋ ክፍል ይጎትተዋል። ወንዶች ልጆች ላይ በአብዛኛው ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ሴቶች ላይ ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ ይታያል። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ በዚህ ዓመት ቁመቱ በፍጥነት ጨምሯል?

ሐኪም ዘንድ መቅረብ ግን አለበት፤ ለዚህም ምክንያቴ የሚከተለው ነው። በዚህ ዕድሜ የጉልበት ሕመም ብሎ የሚመጣ ልጅ አንዳንዴ ችግሩ ያለው ዳሌው ላይ ነው። የጭን አጥንት ራስ ከማደጊያው ክፍል ላይ ሲንሸራተት ልጁ የሚሰማው ጉልበቱ ላይ ነው፣ ያነክሳል፣ እግሩም ወደ ውጭ ይዞራል፤ ይህ ቀን የማይሰጥ፣ ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ጉዳይ ነው። ስለሆነም መርማሪው ዳሌውንም እንዲያይ ይጠይቁ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ሳይመታ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ ነገ ዛሬ አይበሉ።

መድኃኒቱን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። የ14 ዓመት ልጅ ዲክሎፌናክ ውጦ ሜዳ መግባቱ ሕመሙን አያድነውም፤ ሕመሙ ሊነግረው የሚገባውን እንዳይሰማ ያደርገዋል እንጂ። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ጨጓራን ያቆስላል፣ ላብ ብዙ ወጥቶ ውኃ ሳይጠጣ ሲቀር ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በቅድሚያ እሱን ያስቁሙት።

አዌቱ ማዶ | ሐምሌ 4፣ ምሽት 4፡05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ከበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ቁመቱን እናሰምራለን። አሁን ሄጄ ለካሁት፤ ካለፈው መስከረም ወዲህ 9 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። ሌሊት አይቀሰቅሰውም። ማነከሱን ግን ከልምምድ በኋላ እናቱ ሁለቴ አይታ ነበር፤ ጫማ ጠቦት መስሏት ዝም አለች።

የድሮው አጥቂ | ሐምሌ 5፣ ጠዋት 1፡20

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ እኔ በዚህ ከተማ ሜዳ ላይ ሃያ ዓመት ያህል የተጫወትኩ ሰው ነኝ። የተባለውን ሁሉ አልቃወምም፤ ነገር ግን ዛሬ ለእያንዳንዱ ሕመም የፈረንጅ ስም እየሰጠን ልጆቹን ፈሪ እንዳናደርጋቸው እሰጋለሁ። እኛ ስንጫወት ቁርጭምጭሚታችን ወለም ሲል ወደ ወጌሻ እንሄድ ነበር፤ በቅቤ አሽቶ፣ ስቦ፣ በጨርቅ አስሮ ይሰደን ነበር፤ በሳምንቱ እንመለስ ነበር። ኳስም ሆነ ሩጫ ያለ ሕመም አይገኝም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ሲያሸንፍ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈውት ነበር። ያንን ዓይነት ጽናት ከልጆቻችን ላይ ካነሣን ምን ይቀራቸዋል? ደግሞም ሐኪም ቤት ወስደን ረጅም ሰልፍ ከጠበቅን በኋላ የሚነገረን «እረፍት አድርግ» የሚል አንድ ቃል ነው። እረፍት ማድረግን ያለ ሐኪምም እናውቀዋለን።

የወጌሻ ልጅ | ሐምሌ 5፣ ረፋድ 4፡30

ጋሼ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ በሰቃ መንገድ በኩል ባለች የገጠር ቀበሌ ከአርባ ዓመት በላይ በወጌሻነት የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔም ልጅ ሆኜ ውኃ እያሞቅኩና ጨርቅ እያቀበልኩ አድጌያለሁ። ሰው የማያውቀው፣ አባቴ የሚመልሷቸው ሰዎች ከሚያሿቸው ይበዙ ነበር። እጃቸውን ሳያሳርፉ በፊት ልጁን «እስቲ አራት እርምጃ ሂድ» ይሉታል። መራመድ ካልቻለ፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ አጥንት ላይ በአንድ ጣት ሲጫኑት ከጮኸ፣ «ይህ የኔ አይደለም፣ ራጅ ያስፈልገዋል» ብለው ይሸኙታል። እኔ በኋላ ነርስ ስሆን ሐኪሞች ራጅ ያስፈልግ እንደሆነ ለመወሰን ከሚጠቀሙባቸው መመዘኛዎች ሁለቱ እነዚሁ መሆናቸውን ተማርኩ፤ አራት እርምጃ መራመድ አለመቻልና በቁርጭምጭሚቱ አጥንት የኋላ ጠርዝ ላይ ሲጫኑት ማመም።

የሚያስፈራው ሌላው ነው። ሥራ ላይ ከሆንኩ ወዲህ ሦስት ልጆች ክንዳቸውና እግራቸው በቀርከሃ ስንጥር ክፉኛ ተጠፍሮ መጥተው አይቻለሁ። ደም አልደርስ ብሎ ጣቶቹ ቀዝቅዘው ጠቁረዋል። ከሦስቱ አንዱ፣ የ12 ዓመት በረኛ፣ ሲወድቅ የተሰበረችው የክንዱ አጥንት በስድስት ሳምንት ጀሶ የምትድን ነበረች፤ እጁን ከክርኑ በታች አጣ። ልጁ ለሁለት ቀን ሌሊቱን ሁሉ እያለቀሰ «ፍቱልኝ» ሲል ቤተሰቡ «ወንድ ልጅ ቻል» ይለው ነበር። እባካችሁ፣ የታሰረ እጅ ወይም እግር ጣቱ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ሕመሙ ከመታሰሩ በፊት ከነበረው ከባሰ፣ ማን እንዳሰረው ሳትጠይቁ በዚያው ሰዓት ፍቱትና ወደ ሐኪም ውሰዱት።

በታዳጊ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። አዋቂ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ሲጠመዘዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ጅማቱ ነው። በሚያድግ ልጅ ላይ ግን ጅማቱ ከአጥንቱ ማደጊያ ክፍል ይልቅ ስለሚጠነክር፣ ወለምታ የመሰለን ነገር የማደጊያው ክፍል ስብራት ሊሆን ይችላል። ያንን መሳብና ማሸት እግሩ አጥሮ ወይም ተጣሞ እንዲያድግ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የሯጯ እናት | ሐምሌ 5፣ ከሰዓት 9፡10

ስለ አበበ ቢቂላ ለተነሣው፣ ታሪኩ በቶኪዮ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ የእግር አጥንት ጉዳቱን ይዞ ተሰልፎ፣ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ አቋርጦ ለመውጣት ተገዷል፤ ያንን ማራቶን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው። ጀግናችን አንድ ቀን በሕመም ላይ ድል አደረገ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሕመሙ አሸነፈው። ለልጆቻችን ሁለቱንም ብንነግራቸው መልካም ነው።

ይህን የምለው ስለ ራሴ ልጅ ስለማስብ ነው። 16 ዓመቷ ነው፣ 3000 ሜትር ትሮጣለች። ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ቁርስ ሳትበላ ተነሥታ ወደ ጅሬን በሚወስደው አስፋልት ዳገት ላይ ትሮጣለች፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ከሰዓት ደግሞ ከቡድኑ ጋር ትለማመዳለች። በኅዳር ወር ቅልጥሟን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ሲሟሟቅ ይጠፋ ነበር፤ በኋላ በሩጫው መካከል ይመጣ ጀመር፤ በመጨረሻ ተኝታም አለቀቃትም። ራጅ ተነሥታ «ምንም የለም» ተባልን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ሲብስ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን። እሱ በጣቱ ቅልጥሟን ከላይ እስከ ታች መታ መታ እያደረገ ወረደ፤ አንዲት ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ ሲደርስ ልጄ ዘለለች። «የድካም ስብራት ነው፣ ጫና ሲደጋገምበት አጥንቱ ቀስ በቀስ ተሰንጥቋል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል» አለን፤ ሁለተኛው ራጅም ቃሉን አረጋገጠ።

ከዚያ ያላሰብኩትን ጥያቄ ጠየቀ። የወር አበባዋ ይመጣ እንደሆነ ጠየቃት። ልጄ አንገቷን ደፍታ ከአምስት ወር በፊት እንደቆመ ነገረችው። እኔ እናቷ አላውቅም ነበር። ለአሠልጣኟ ስትነግረው «ጥሩ ነው፣ ሰውነትሽ ለውድድር መዘጋጀቱን ያሳያል» ብሏት ስለነበር እንደ ምስጋና ይዛው ኖራለች። ይህንን የምታነቡ አሠልጣኞችና እናቶች፣ ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። የምትበላው ምግብ ለሩጫውም ለእድገቱም ሳይበቃ ሲቀር ሰውነቷ መጀመሪያ የሚያቆመው የወር አበባን ነው፤ ከዚያ አጥንቷ ይሳሳል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ይህን የሰውነት ኃይል ማነስ ችግር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በስሙ ጠቅሶ ያስጠነቅቃል፤ ወንዶች ሯጮችንም ይነካል። በቤታችን ጾም እንጾማለን፣ ልጄም ትጾማለች፤ ጾሙን ተዪ አላልኳትም። ነገር ግን በጾም ቀን ሁለት ልምምድ የሚያዝ አሠልጣኝ ልጆቹ ምን በልተው እንደመጡ ሊያውቅ ይገባዋል። ረመዳን ሲገባ የጓደኞቿ ነገርም እንዲሁ ነው።

አሁን በቀን ሦስት ጊዜ ትበላለች፣ ከሩጫ በፊት ቢያንስ ዳቦና ሻይ ትወስዳለች፣ በሳምንት ሁለት ቀን አትሮጥም። ለአራት ወር ያህል ቆማ ነበር፤ በሚያዝያ ተመልሳለች። በእነዚያ ወራት ስታለቅስ የምነግራት አንድ ነገር ነበር፦ ቀነኒሳ በቀለ በባት ጉዳት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር ርቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትሩን አቋርጦ ከወጣ ከሳምንታት በኋላ በብራስልስ በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጦ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ከውድድር መራቅ መጨረሻ አለመሆኑን ከእሱ ተማረች።

አሠልጣኝ ከቦሳ | ሐምሌ 6፣ ምሽት 1፡50

ከአሠልጣኞች በኩል ማንም ስላልጻፈ እኔ ልጻፍ። አዌቱ ማዶ የጠየቁት ሁለተኛው ጥያቄ ለእኔ የተጠየቀ ያህል ተሰምቶኛል። ልጁ «ከተናገርኩ ሌላ ልጅ ይገባል» ያለው እውነቱን ነው። እኔም ይህንን አድርጌያለሁ። አንድ ልጅ ብሽሽቴን አመመኝ ሲለኝ በቦታው ሌላ አስገብቼ፣ ያስገባሁት ጎበዝ ሆኖ ሲገኝ የታመመውን ረስቼዋለሁ። ሌሎቹ ሃያ ሁለት ልጆች ይህንን አዩ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ዓመት አንድም ልጅ አመመኝ አላለኝም። ያኔ ቡድኔ ጤነኛ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

የጫናው ምንጭ ብዙ ነው። ጎበዝ የሆነ ልጅ ለትምህርት ቤቱ ይጫወታል፣ ለፕሮጀክቱ ይጫወታል፣ ክረምት ሲመጣ ለቀበሌው ይጫወታል፤ ሦስቱ አሠልጣኞች አይነጋገሩም፣ እያንዳንዳቸው ልጁን በሳምንት ሦስት ቀን የሚያገኙት የራሳቸው ብቻ ይመስላቸዋል። ስትደምሩት ልጁ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አያርፍም። የሕፃናት ሐኪሞች የሚመክሩት በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ እረፍት፣ በዓመት ደግሞ ከሚያዘወትረው ስፖርት ተከፋፍሎም ቢሆን ከሁለት እስከ ሦስት ወር እንዲርቅ ነው። ሜዳችንም አለ። የጅማ ክረምት ሜዳውን ጭቃ ያደርገዋል፤ ልጁ ከታላቅ ወንድሙ በወረሰው፣ ጥርሱ ባለቀና በሰፋው ታኬታ ይንሸራተታል፤ ጭቃው በደረቀ ማግስት ደግሞ ሜዳው እንደ ድንጋይ ይሆናል። ዕድሜ መቀነስንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት ኤምአርአይ በሚባል የምስል ምርመራ እያየ ዕድሜ ያለፋቸውን ይለያል፤ በቀበሌ ውድድር ይህ የለም፤ የ19 ዓመት ጎረምሳ ከ15 ዓመት በታች ተብሎ ሲገባ የሚሰበረው የእውነተኛው የ14 ዓመት ልጅ እግር ነው።

ያለ ገንዘብ ልናደርገው የምንችለው አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል የማሟሟቂያ ሥርዓት ነው፤ 20 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሲሆን ከኳስና ከሜዳ በስተቀር ምንም ዕቃ አይፈልግም። ሦስት ክፍል አለው፤ ቀስ ያለ ሩጫ፣ ከዚያ የሆድ፣ የጀርባና የእግር ማጠንከሪያ፣ ሚዛን መጠበቅና ዝላይ፣ በመጨረሻ ፈጣን ሩጫ ከአቅጣጫ መቀየር ጋር። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ በትክክል በሠሩት ታዳጊ ቡድኖች ላይ ጉዳቱ በሲሶና ከዚያ በላይ ቀንሶ ታይቷል። ቁም ነገሩ ያለው በትክክል መሥራቱ ላይ ነው። ልጁ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ከተጋጩ ዝላዩ አልጠቀመውም። እኔ ከፊታቸው ቆሜ አንድ በአንድ ማረፊያቸውን አያለሁ።

ቁጥር ሰባት | ሐምሌ 6፣ ምሽት 3፡25

አሠልጣኝ፣ ያንን ጉልበት ወደ ውስጥ መግባቱን የሚያይ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ቢኖረን ኖሮ እኔ ዛሬም እጫወት ነበር ብዬ አስባለሁ። አሁን 18 ዓመቴ ነው። ማንም አልነካኝም። ኳስ ተቀብዬ ለመዞር አንድ እግሬን ተከልኩ፣ ታኬታዬ ጭቃው ውስጥ ተያዘ፣ ሰውነቴ ዞረ፣ ጉልበቴ ግን አልዞረም። «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አጠገቤ የነበረችው ተጫዋችም ሰማችው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጉልበቴ አብጦ ሎሚው ጠፋ። በጉልበቴ ውስጥ ያለው የፊት መስቀለኛው ጅማት ተበጥሶ ነበር። ይህ ጉዳት በተመሳሳይ ስፖርት ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በእጥፍና ከዚያ በላይ እንደሚያጠቃ የነገረን ሰው አልነበረም።

ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ስለ ሁለተኛው ጉዳቴ ነው። ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ በኋላ በአራተኛው ወር እግሬ ስላላመመኝ ድኛለሁ አልኩ። ሁሉም ሰው ደስ አለው፣ ማንም «ቆይ» አላለኝም፤ ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሶ ነበር። ሐኪሙ ቢያንስ 9 ወር ብሎ ነበር። ሜዳ በገባሁ በሃያኛው ደቂቃ ያው ጉልበቴ ከዳኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ጅማቱ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስም ተቀደደ። አሁን ደረጃ ስወርድ ልክ የአዌቱ ማዶ ልጅ እንዳደረገው ጎኔን አዙሬ ነው።

ለልጁ ንገሩልኝ፤ የእሱ የሚድን ነው።

ዳኛ | ሐምሌ 7፣ ጠዋት 2፡00

በአጭሩ ስለ ጭንቅላት ልጨምር፤ በእግር ሕመም ላይ ስንነጋገር ይህኛው እየተረሳ ነው። ባለፈው ዓመት ባጫወትኩት የታዳጊዎች ጨዋታ ላይ ሁለት ልጆች ለአየር ኳስ ዘለው ተጋጩ። አንደኛው ተነሣ፣ ፊቱ ላይ ውኃ ተረጨ፣ «ደህና ነኝ» አለ። ስንት ለስንት ነን ብዬ ስጠይቀው ያለፈውን ሳምንት ጨዋታ ውጤት ነገረኝ። እንዲወጣ አደረግሁ፤ ከተመልካች በኩል ብዙ ስድብ ወረደብኝ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የተምታታ፣ ያዞረው፣ ያስታወከ ወይም ዓይኑ የደበዘዘበት ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ የሐኪሞች ምክር ይኸው ነው። የመጀመሪያው የአንጎል መናወጥ ሳይለቀው ሁለተኛ ቢመታ አንጎሉ ሊያብጥና ሊሞት ይችላል፤ ይህ እምብዛም አይደርስም፣ ሲደርስ ግን በአብዛኛው በታዳጊዎች ላይ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ የጨዋታው ሕግ ውድድሮች ለጭንቅላት ጉዳት ተጨማሪ ቋሚ ቅያሪ እንዲፈቅዱ አማራጭ ሰጥቷል። የክረምት ውድድር አዘጋጆች ይህን በደንባቸው ውስጥ ቢያስገቡ አሠልጣኙ ቅያሪ ላለማባከን ብሎ ልጁን አያቆየውም።

የድሮው አጥቂ | ሐምሌ 7፣ ምሽት 2፡30

ሁሉንም አነበብኩ። የቁጥር ሰባትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ፣ አምላክ ይማርሽ። ስለ አበበ የተባለውንም ተቀብያለሁ። እኔም በ17 ዓመቴ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የደረሰውን ሳልናገር አንድ ሙሉ ዓመት ተጫውቻለሁ፤ ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከደመናው በፊት የሚነግረኝ እሱ ነው። ለልጆቼ እንደ ጀብዱ ስናገረው ኖሬያለሁ።

በአንድ ነገር ላይ ግን አልተረታሁም። «እረፍት አድርግ» ብሎ መስደድ ሕክምና አይደለም። ልጁ ለሁለት ሳምንት ይተኛል፣ ሕመሙ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ በሦስተኛው ቀን ያው ሕመም ይመጣል፤ ከዚያ በሐኪሙ ላይ ያለው እምነት ይጠፋና ወደ እንክብሉ ይሄዳል። ባለሙያው ለዚህ መልስ ቢሰጠን።

ፊዚዮቴራፒስት ከጅማ | ሐምሌ 7፣ ምሽት 4፡10

ጋሼ፣ በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የሙያ ጓደኞቼም ቢሰሙት እወዳለሁ። ኦስጉድ ሽላተር ላለበት ልጅ ሙሉ በሙሉ መተኛት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጫናውን መጥኖ ማቆየት ነው። እኔ ለልጆቹ ከ0 እስከ 10 የሚቆጠር የሕመም ቁጥር አስተምራቸዋለሁ፤ 0 ምንም ሕመም የሌለበት፣ 10 የማይቻል ሕመም ነው። በልምምድ ጊዜ እስከ 3 ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥላል። ከዚያ ካለፈ የዚያን ቀን ሩጫ፣ ዝላይና ኃይለኛ ምት ይቀራሉ፤ ኳስ ማቀበል፣ የሚዛን ሥራና የሆድ ማጠንከሪያ ግን አይቀሩም። ከሜዳ አይራቅ፤ የሚለየው የሚሠራው ሥራ ብቻ ነው። በተጓዳኝ የፊትና የኋላ ጭን ጡንቻን ቀስ በቀስ ማጠንከርና ማፍታታት ያስፈልጋል። ከልምምድ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማድረግ ሕመሙን ያስታግሳል። እብጠቱን ማሸት ያብሰዋል፤ በዚያ ቦታ ላይ የስቴሮይድ መርፌ መወጋትም አይመከርም። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ አጥንቱ እድገቱን ሲጨርስ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ሕመሙ ይተዋቸዋል፣ እብጠቷ ግን ሳትጠፋ ልትቀር ትችላለች።

ልጁ ቁጥሩን በእውነት የሚናገረው ግን 6 ሲል የማይቀጣ ከሆነ ነው። ያ ደግሞ በአሠልጣኙና በአባቱ እጅ ነው።

አሠልጣኝ ከቦሳ | ሐምሌ 8፣ ጠዋት 12፡40

ይህንን የቁጥር ነገር ትናንት ማታ አንብቤ ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። ከማሟሟቂያ በፊት በክብ አቁሜ ጠየቅኋቸው፤ ሁሉም «ዜሮ» አሉ። ከዚያ ቁጥር የሚናገር ልጅ ቦታውን እንደማያጣ፣ ሲሻለው ወደነበረበት እንደሚመለስ በሁሉም ፊት ቃል ገብቼ፣ አንድ በአንድ ወደ ጎን እየጠራሁ ደግሜ ጠየቅኋቸው። ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙ ከዜሮ በላይ ተናገሩ። አንዱ 7 አለ። አምበላችን ነው።

አዌቱ ማዶ | ሐምሌ 18፣ ምሽት 2፡00

የተባለውን ሁሉ ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ዳሌውን እንዲያዩት ጠየቅሁ፤ አዩት፣ ደህና ነው። ጉልበቱ ኦስጉድ ሽላተር መሆኑ ተነገረን። ከሦስቱ አሠልጣኞች ጋር ለየብቻ ከምነጋገር ብዬ አንድ ላይ ሻይ ጋበዝኳቸው፤ እርስ በርሳቸው ስለ ልጄ ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። የሳምንቱን ልምምድ ሲቆጥሩት ዘጠኝ ሆነ። ሁለቱ ወዲያው ተስማሙ፤ የቀበሌው አሠልጣኝ ግን ልጁ ነሐሴ ላይ ካልደረሰለት ሌላ እንደሚያስመዘግብ ነገረኝ። እሱንም አልተቀየምኩትም። ልጄ አለቀሰ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረኝም።

እኔም አንድ ጥፋቴን አግኝቻለሁ። ከጨዋታ ሲመለስ ሁልጊዜ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «አሸነፋችሁ?» የሚል ነበር። አሁን ቁጥሩን ነው የምጠይቀው። የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ «አንድ» ይለኝ ነበር፤ ደረጃውን ሲወርድ ግን ግድግዳውን እንደያዘ ነበር። አልተከራከርኩትም። ዛሬ ጠዋት ታኬታውን ሊያስር ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ሳልጠይቀው፣ ቀና ሳይል «አባዬ፣ ዛሬ አምስት ነው» አለኝ። ታኬታውን አስቀምጦ ሸራ ጫማውን አድርጎ ወደ ሜዳ ሄደ፤ ኳስ ሲያቀብልላቸው አረፈደ።

ፊዚዮቴራፒስት ከጅማ | ሐምሌ 18፣ ምሽት 3፡15

በጣም ጥሩ ነው። 5 ከሆነ ነገና ከነገ ወዲያም ሩጫና ዝላይ ይቅሩበት። ጭኑን የማጠንከሩን ሥራ ሕመም ሳይኖረው እስከሚችለው ድረስ ይቀጥል፤ ግድግዳ ተደግፎ ግማሽ ድረስ ቁጭ ማለትን በ30 ሰከንድ ይጀምር። ቁጥሩን ከነቀኑ በደብተር ላይ ራሱ ይጻፍ፣ እርስዎ አይጻፉለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ይዞ ይምጣ።